ስለ ድምፅ፤ የመኪናን ማርሚታ ማውለቅ ይገባልን?

በአሜሪካ አገር ከምናገለግላቸው ወጣቶች አንዱ፥ ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርቦ መስቀል ተሳልሞ፥ «አባታችን፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የመኪናዬን ማርሚታ ባወልቀው ኃጢአት ይሆንብኛልን?» አለን። በዙሪያው የቆሙት ሳቁ፤ እኛም ፈገግ አልን። ጥያቄው ግን ወደ ቤታችን ተከትሎን ገባ። በንስሐ አባትነት ዘመናችን ስለ ሌብነት፥ ስለ ሐሰትና ስለ ቂም ብዙ ተጠይቀናል፤ ስለ ጭስ ማውጫ ግን ተጠይቀን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል፤ ሳያውቁ መፍረድ የዳኛ ወግ አይደለምና። ማርሚታ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ድስትም፥ የመኪና ድምፅ ማፈኛም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ በተቃጠለ ጊዜ ጭሱ ኃይሉ ገና ሳይበርድ በቫልቩ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ሰከንድ 200 ጊዜ ይህ ፍንዳታ ይደጋገማል። በማርሚታው ውስጥ የተበሳሱ ቧንቧዎችና ባዶ ክፍሎች አሉ፤ የድምፁ ሞገድ ከክፍሉ ግድግዳ ተመልሶ፥ ተከትሎት ከሚመጣው ሞገድ ጋራ ሲገናኝ፥ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ እየወደቀ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እሾህን በእሾህ እንዲሉ፥ ድምፅን በድምፅ ማውጣት ማለት ነው።

ይህን ብልሃት በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት የነበሩት ሚልተን ሪቭስና ወንድሙ ማርሻል በ1897 ዓ.ም. በስማቸው አስመዘገቡት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነርሱም በኋላ ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለው ሰው የጠመንጃን ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ ሠርቶ በ1909 ዓ.ም. መብቱን አገኘ፤ ያንኑም ጥበብ ለሞተር ጭስ ማውጫ አዋለው። አባቱ ሂራም ማክሲም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈለሰፈው ነው፤ በተኩሱም ብዛት ጆሮው ደንቁሮ ነበር። አባት ባደነቈረው ዓለም ልጅ ድምፅ ማፈን መጀመሩ ይገርመናል። ሆኖም ዝምታ ሁሉ በጎ ነው ብለን አንቸኩል፤ ድምፅ የሌለው ጠመንጃ ለገዳይም ይመቻልና።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። የሚነዳው ፎርድ ማስታንግ የሚባለውን፥ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን መኪና ነው፤ ሌሊት እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ገዝቶታል። ማርሚታ ቢወልቅ ኃይል ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ፋብሪካው እንደ ሠራው ሳለ ማርሚታውን ብቻ በማውለቅ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው። ወጣቱም ይህን አልሸሸገንም፤ የፈለገው ድምፁን ነው። ከዚህም በላይ በረጅም መንገድ ፍጥነቱ ባልተለወጠ ጊዜ በመኪናው ውስጥ የሚያስተጋባው ጕርምርምታ ራስ ስለሚያዞር፥ ካወለቁ በኋላ መልሰው የሚያስገጥሙ ብዙዎች ናቸው።

ሰው ድምፅን ስለ ወደደ አንነቅፈውም፤ እኛ ራሳችን የድምፅ ልጆች ነን። በልጅነታችን ዜማ ቤት ገብተን ግዕዙን ከዕዝሉ፥ ዕዝሉንም ከአራራዩ ለመለየት ስንቱን ሌሊት ነቅተናል! ከበሮ ሲመታ ልቡ የማይነሣ ካህንም አላየንም። ስለዚህ አንድ ወጣት የስምንት ሲሊንደር ዜማ ልቤን ያነሣዋል ቢለን፥ ጆሮ የለህም አንለውም። ነገር ግን መምህራችን አስቀድመው ያስተማሩን ድምፅ ማውጣትን ሳይሆን ድምፅ መግታትን ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ይህም ከበሮው ስለ ከፋ አይደለም፤ ጊዜው ስላልሆነ ነው እንጂ። እንግዲህ የመኪናውም ድምፅ ጊዜና ስፍራ ቢኖረው ምን ይደንቃል? በካሊፎርኒያ ባለው በላጉና ሴካ የእሽቅድምድም ሜዳ ስንኳ የድምፅ ልክ ተወስኗል፤ ለጩኸት በተሠራ ስፍራ ማለት ነው።

የሕጉን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። የካሊፎርኒያ ሕግ ለትንንሽ መኪናዎች 95 ዴሲቤል ወስኗል፤ ኒው ዮርክም በ2021 ዓ.ም. መቀጮውን እስከ 1,000 ዶላር ከፍ አድርጓል፤ በፓሪስ በ2022 ዓ.ም. የሚያልፈውን መኪና ድምፅ የሚለካ መሣሪያ በመንገድ ዳር ተተክሏል። ሕግ አክባሪ መሆን ይገባል። የተጠየቅነው ግን ስለ መቀጮ አይደለም፤ ፖሊስ በሌለበት መንገድ ቢሆንስ?

እኛን የሚያስጨንቀን ይህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ፥ በሌሊት ከመንገድ የሚመጣው ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል፤ እንቅልፍ ይታወካልና። የዴሲቤልም ቍጥር በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል ዐሥር እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ማርሚታ የሌለው መኪና በሌሊት በአንድ ጎዳና ቢያልፍ፥ ስንት ሕፃን፥ ስንት በሽተኛ፥ ስንት የነገ ሠራተኛ ይነቃል? ነጂው አንዱንም አያይም። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ባለገንዘቡን ፈልጎ ይመልሳል፤ የተሳደበም የሰደበውን ያውቀዋል። መባ ከማቅረቡ አስቀድሞ ከባልንጀራው ጋራ እንዲታረቅ የታዘዘ ክርስቲያን፥ በጨለማ ያነቃውን በሽተኛ በየትኛው በር ፈልጎ ይቅር በለኝ ይለዋል? በደሉ ትንሽ ነው ይሉናል፤ እኛም ትንሽ መሆኑን እንቀበላለን። ነገር ግን ትንሽም ሆኖ ዕርቅ የሚደረግበት መንገድ የሌለው በደል ነው፤ ስለዚህም ከብዙ ታላላቅ በደሎች ይልቅ ያሳስበናል።

እዚህ ላይ ሳለን ብዕራችን ቆመ። አንድ አንባቢ፥ «የእናንተስ የድምፅ ማጉያ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? በከተማ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ የሚኖር በሽተኛ፥ የኛን ማጉያና የወጣቱን መኪና ለይቶ አንዱን በትዕግሥት፥ ሌላውን በቍጣ መስማት አለበትን? ቃሉና ጩኸቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱንም እናውቃለን። ሆኖም ቃሉ ቅዱስ ስለ ሆነ የማጉያው ቍልፍ እስከ ጫፍ መዞር አለበት የሚል ሥርዓት አላነበብንም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ 1,400 ዓመት ያህል ያለ ኤሌክትሪክ ሲሰማ ኖሯል። ወንድሞቻችን ካህናት በዚህ ቅር እንዳይሰኙብን እንለምናለን፤ ወጣቱን ስንዘልፍ ራሳችንን መዝለል አልቻልንምና።

በአንጻሩ ደግሞ ድምፅ ማውጣት ግዴታ የሆነበት መኪና አለ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ቀስ ብሎ ሲነዳ ስለማይሰማ፥ ዐይነ ስውራንን እንዳይገጭ ተፈርቶ፥ የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዳዲስ ዐይነቶች፥ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአዲስ መኪና ሁሉ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ እንዲገጠም አዟል። አንድ ድምፅ «ወንድሜ ሆይ፥ መምጣቴን እወቅና ተጠንቀቅ» ይላል፤ ሌላው ድምፅ «እኔን ተመልከቱ» ይላል። ሁለቱም ከመኪና ይወጣሉ።

«እኔን ተመልከቱ» ስንል ግን ወጣቱን ለማሳጣት አይደለም። ለምን እንደ ፈለገው በጠየቅነው ጊዜ እንዲህ ሲል መለሰልን፤ «አባታችን፥ በዚህ አገር ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርሁ። መንገድ ላይ ማንም አያየኝም። በዚህ መኪና ሳልፍ ግን ሰው ዘወር ይላል።» እኛም፥ «ልጄ፥ ዘወር ያለው ሰው መኪናውን አየ እንጂ አንተን አየህን?» አልነው። እርሱም ጥቂት አስቦ፥ «እኔን ባያየኝም፥ አንድ ሰው እንዳለ ያውቃል» አለን። ለዚህ ቃል መልስ አልነበረንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ቆሞ ሲያስቀድስ የክርስትና ስሙን ስንኳ አልጠየቅነውም ነበርና። በዚያን ቀን ጠየቅነው።

በመጨረሻም ፈራ ተባ እያለ ማርሚታውን አስቀድሞ እንዳወለቀው ነገረን። አልሸጠውም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በቤቱ ጥግ አስቀምጦታል። ቤቱን ባርከን ጠበል እንድንረጭለት ለመነንና በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው መኪና ሊወስደን መጣ። ገና ሦስት መንገድ ርቆ ሳለ ሰማነው፤ አሮጊት ጎረቤታችንም መስኮታቸውን ከፍተው ተመለከቱ። ጕዞ ከጀመርን በኋላ ስለ እናቱ እንጠይቀው ጀመር፤ እርሱም ይመልስልናል፤ ነገር ግን አንዳችን የሌላውን ቃል መስማት አልቻልንም። ሁለት ጊዜ «ምን አሉኝ አባታችን?» ብሎ ከጮኸ በኋላ፥ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋው።