ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ?

በካፋ ዞን፣ ደካ ውስጥ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ነበረ እንበል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል የማይለቀው፣ ግቢው ቀይ ጭቃ፣ ከአጥሩ ባሻገር የቡና ጫካ። በሩ ላይ፣ ከዘበኛው ማረፊያ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ላስቲክ ወጥሮ ይቀመጣል። ሰውየው የዝሆኔ ሕመምተኛ ነው። በወጣትነቱ በባዶ እግሩ ሲያርስ ኖሮ እግሩ አበጠ፤ ገበያ ላይ ያለው ጫማ ሁሉ አልገባ አለው። በመጨረሻ ወላይታ ሄዶ ለእንዲህ ዓይነት እግር ጫማ መስፋት ተማረና ተመለሰ።

አንድ ዓመት ለነርሶቹ የደንብ ልብስና ጫማ በጀት ተፈቀደ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደብተሩን ይዞ ክፍል ለክፍል ዞረ። «ሲስተር፣ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ይላል፤ ይጽፋል፤ ያልፋል። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ነርስ «37» አለችው። ተማሪ ሳለች ጀምሮ 37 ናት። ጠዋት ነበር፤ ሌሊቱንም ቤቷ ተኝታ ነው ያደረችው።

ጫማው መጣ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አፍንጫው ሾል ያለ። ስትሞክረው ልክክ አለላት፤ ፈርማ ወሰደች።

በመጀመሪያው የማታ ተረኛነቷ ሁለት ወላዶች ተከታትለው ገቡ፤ አንድ ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃንም መጣ። እስከ እኩለ ሌሊት ጫማዋን ጨርሶ አላሰበችውም። 9 ሰዓት ላይ ትንሿ ጣቷ መቃጠል ጀመረች፤ ቀጥሎ ተረከዟ ተላጠ። ሊነጋጋ ሲል ከመድኃኒት ክፍሉ ወደ ማዋለጃው ያለውን አጭር ኮሪደር ግድግዳ ይዛ ተሻገረች። ወላዷ ጮኸች፤ ነርሷ መሮጥ ሲገባት ተራመደች። ክፉ ነገር አልደረሰም፣ ሕፃኑም በደህና ተወለደ። እሷ ግን መራመዷ ውስጧ ቀረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ተኝታ ከተነሣች በኋላ፣ ሽማግሌው ዘንድ ሄደች።

«አባባ፣ ይህን ጫማ ይለጥጡልኝ።»

ተቀበላትና ጫማውን በሁለት እጁ አጠፈው። መሃሉ ላይ እንደ ካርቶን እጥፍ አለ። «እግርሽ የሚታጠፈው ጣቶችሽ ሥር ነው፤ ይሄ የሚታጠፈው ወገቡ ላይ። ብለጥጠውም ካንቺ ጋር አይስማማም።»

«እንግዲያው አዲስ ይስፉልኝ። 37 ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ?»

«ምን አሉኝ?»

«ስትሠሪ። ስንት ሰዓት ነው በእግርሽ የምትቆሚው?»

«ማታ ከሆነ ከ12 ሰዓት እስከ ጠዋት 2።»

«በይ ጠዋት 2 ሰዓት ስትወጪ ነይ። አሁን ይዘሽው የመጣሽው ተኝቶ የዋለ እግር ነው፤ እኔ ቆሞ ያደረውን ነው የምለካው።»

ሥራ የጠላ መስሏት ተቀየመችው። ግን ሌላ ጫማ ሰፊ በአቅራቢያው አልነበረም፤ በሚቀጥለው ተረኛነቷ ማግስት ጠዋት ጋውኗን በክንዷ አንጠልጥላ መጣች። እግሯ እርሾ እንደገባበት ሊጥ ተነፍቶ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋችለት።

«ተነሺ እንጂ ልጄ። ተቀምጠሽ ነው እንዴ የምታዋልጂው?»

ቆመች። ሽማግሌው ካርቶን መሬት ላይ ዘረጋና በእርሳስ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ዙሪያውን ነደፈው። ግራው ከቀኙ ይሰፋል፤ ይህን ከራሷ እግር ጋር ስትኖር አላወቀችም ነበር። «ካልሲሽስ?» አለ። ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፤ እንደገና ለካ። ከአውራ ጣቷ ፊት የራሱን አውራ ጣት አጋድሞ ያን ያህል ክፍት ቦታ ተወላት። ከዚያ እያሰበ ተናገረ፤ ከፊት ሰፋ ይላል፤ ከኋላ ተረከዙን የሚይዘው ጠንካራ ይሆናል፤ ሶሉ ጎድጎድ ያለ ላስቲክ፣ ምክንያቱም በበረኪና የታጠበ ወለል ያንሸራትታል። ከላይ ቀዳዳ አይኖረውም። «መርፌ ሲያመልጥ የሚወድቀው ወደ እግር ነው።»

ሁለት ጥንድ እንደሚሰፋላት ነገራት። ደነገጠች፤ ገንዘቡን አሰበች። «በዚህ ዝናብ አንድ ጫማ ባንድ ቀን አይደርቅም» አላት። «እሳት ዳር ካኖርሽው ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። አንዱን ስታደርጊ አንዱን አሳርፊው፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።»

ተሰፍቶ ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ ሞከረችው። «ሰፋኝ፣ አባባ።»

«አሁን ነው የሰፋሽ። ማሰሪያውን ሳብ አድርጊው፤ ሌሊት ትፈቺዋለሽ።»

ፈታችው፤ 9 ሰዓት ላይ።

ወሬው ንብረት ክፍል ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛው ወደ ሽማግሌው መጣና፣ «የነርሶቹን ሁሉ እግር ይለኩልኝ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ቢሮ እሰበስባቸውና ባንድ ቀን እንጨርሳለን» አለው።

«ጌታዬ፣ 4 ሰዓት ላይ የሚያገኟቸው ቤታቸው ያደሩትን ነው። ሌሊቱን ቆመው ያደሩት በዚያ ሰዓት ተኝተዋል።»

ሠራተኛው አሰበበት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሮው ገና አይከፈትም። ተመለሰና ያለፈውን ዓመት ቁጥር ከደብተሩ ገለበጠ።

ምሳሌው ይኸው ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ጠይቋል፤ የተነገረውንም በትክክል ጽፏል። ስህተቱ ያለው የጠየቀበት ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሲቆም ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ የሚሠራው ስንራመድ ሲሆን ቆመን ስንቀር ያርፋል። ስለዚህ ቆሞ ያደረ እግር ሲነጋ፣ ሲመሽ ከነበረው ይሰፋል። ጫማ ላይ የታተመው ቁጥር ደግሞ በዋናነት የሚናገረው ስለ ርዝመት ነው፤ ስለ ስፋት ብዙም አይልም።

ሽማግሌው ይህን ያወቀው ከበሽታው ነው፤ እሱም ከባዶ የፈጠርኩት ሰው አይደለም። ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ ባለበት ደጋ በባዶ እግር መኖር የሚያመጣውን ዝሆኔ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት ከአፈር የመጡ ደቃቅ ቅንጣቶችን በሕመምተኞች የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ አግኝቶ ጥፋቱ የአፈሩ መሆኑን አሳየ። ወላይታ ውስጥ ደግሞ ዶክተር ናታን ባርሎው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጀመሩት ሥራ ሕመምተኞቹን ራሳቸውን ጫማ ሰፊ አደረገ። ሕክምናው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው፤ እብጠቱ ሲቀንስ ልኩ ይለወጣልና እንደገና ይለካል። እንዲህ ያለ ጫማ ሰፊ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም።

እግረ መንገዴን አበበ ቢቂላን ላንሣ። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን የድህነት ታሪክ አድርገን እንተርከዋለን። ነገሩ ግን የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው፤ ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸንፏል። እኔ የሚታየኝ ከ42 ኪሎ ሜትር በፊት ስለ 42ኛው ኪሎ ሜትር ያሰበ ሰው ነው።

ብዙ የምንለካው ነገር እንዲሁ ባረፈ እግር የተለካ ነው። ለአንድ ነርስ ስንት አልጋ እንደሚደርስ የሚያሰላው ሰው ቀን ይሠራል፤ ዋርዱንም የሚያየው ቀን፣ ሐኪሙም ተማሪውም አስታማሚውም ባለበት ሰዓት ነው። ሌሊት ላይ ያቺው ነርስ ብቻዋን ናት፤ የእርሷ ሌሊት በስሌቱ ውስጥ አልገባም። ከዚህ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ጫማው ራሱ እንደ ስጦታ መቆጠሩ ነው። ጓንት ሲጠብ ይቀየራል፤ ሥራው አይሠራምና ማንም አይከራከርም። ጫማ ሲጠብ ግን «ተሰጥቶሻል እኮ» ይባላል። ሁለት ጥንድ ከአንድ ነርስ ደመወዝ ላይ ቀላል ወጪ አይደለም፤ መክፈል ያለበትም ሌሊቱን ሙሉ የሚያቆማት መሥሪያ ቤት ነው።

እስከዚያው ቦንጋ ገበያ ጫማ ልትገዛ የምትሄድ ነርስ ከተረኛነቷ በቀጥታ ትሂድ፤ እንቅልፉ ትንሽ ይጠብቃል። የምትሠራበትን ካልሲ አድርጋ፣ ሁለቱንም እግር አስገብታ፣ ቆማና ተራምዳ ትሞክር። አጥፋም ትየው። ሻጩ «ሲደረግ ይሰፋል» ካላት ወደሚቀጥለው ሱቅ ትለፍ፤ ገበያውን የሞላው ሰው ሠራሽ ቆዳ እንደ በሬ ቆዳ እግር እየለመደ አይሄድም።