ስለ አንድ የቲማቲም ዘር የሰጠነው ቃል

ሰው ባልመረመረው ነገር በቅን ልብ ቃል ሰጥቶ ቃሉ ሳይፈጸም ቢቀር ተጠያቂ ነውን? ውድ አንባቢያን፣ በዘርዐ ክህነት ሳለን በሥነ ምግባር ትምህርት ስለዚህ ጥያቄ ብዙ ተከራክረናል። በእውነት የገባን ግን በጓሮ፣ በቲማቲም መደብ ላይ ነው።

ለትምህርት በአሜሪካ በቆየንባቸው ዓመታት ከቤተ ካህናቱ ጀርባ አነስተኛ ጓሮ ነበረችን። በዚያ አገር «ቢፍስቴክ» የሚሉትን፣ አንዱ ፍሬ መዳፍ የሚሞላውን፣ ሲቆረጥ ሥጋው የበዛውን ቲማቲም እንተክል ነበር። የመረጥነው «ቢግ ቢፍ» የተባለውን ድቅል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 «ኦል አሜሪካ ሴሌክሽንስ» የተባለውን ሽልማት ያገኘ ዝርያ ነው። በእርግጥም የሚታመን ተክል ነው። ዘሩን የመጨረሻው ውርጭ ከማለፉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመን በቤት ውስጥ እናፈላለን። አፈሩ ሲሞቅ ችግኙን የግንዱ ታችኛ ክፍል እስኪቀበር ድረስ ጠለቅ አድርገን እንተክላለን፤ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ይወጣልና። ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ጠንካራ የድጋፍ እንጨት ይሻል። ውኃው አንድ ቀን በዝቶ ሳምንት ከጠፋ የፍሬው ታች ይጠቁራል፤ ስለዚህ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኖ በልክ ማጠጣት ያስፈልጋል። ይህ ከተደረገለት፣ በተተከለ በ73 ቀን ገደማ መስጠት ይጀምራል።

በቁምስናው የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ከዚያ ቲማቲም ጥቂት ብንሰጣቸው እጅግ ተደንቀው፣ «አባ፣ ዘሩን ከየት ላግኝ?» አሉን። እኛም ሳናመነታ፣ «እማማ፣ ምን ይቸግራል! ከዚሁ ፍሬ ዘሩን ይያዙ፤ ለከርሞ ይህንኑ ያገኛሉ» አልናቸው። እሳቸውም እንደ አገራችን ልማድ ዘሩን አጥበው፣ በወረቀት ላይ አድርቀው አስቀመጡት። በዓመቱም ጠባቧን መደባቸውን ለዚሁ ብቻ ለቀቁለት፤ ዘወትር የሚዘሩትን ጎመን እንኳ ተዉት።

የበቀለው ግን የተለያየ ሆነ። አንዱ ተክል መልካም ፍሬ ሰጠ፤ ሁለቱ ከእንቁላል ያነሰ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ፍሬ አፈሩ፤ ሌሎቹ ከታች ጀምረው ቢጫ እያሉ ጠወለጉ። «እጄ ይሆናል ያበላሸው፤ የአባ ዘር እንዲህ አይሆንም» አሉ። በወቀሱን ኖሮ በቀለለን።

የሆነበትን ምክንያት አስቀድሞ ያሳየው አንድ መነኩሴ ነበር። ግሪጎር ሜንዴል በብርኖ ከተማ በሚገኘው የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ጓሮ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 ድረስ አተር ሲያዳቅል ኖረ። ያገኘውንም በ1866 አሳተመ፤ ዓለም ያስተዋለው ግን በ1900 ነው፣ እርሱ ካረፈ ከ16 ዓመት በኋላ። ሁለት ንጹሕ ዝርያዎች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ አንድ ዐይነት ይሆናል፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን የአያቶቹ ጠባይ ተበታትኖ ይወጣል። «ቢግ ቢፍ» ያ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ቲማቲም በአብዛኛው በራሱ አበባ የሚራባ በመሆኑ፣ ዘር አምራቹ የእናቲቱን አበባ የወንዴ ክፍል አስቀድሞ በእጅ ነቅሎ የሌላውን ብናኝ ያስነካዋል። ይህም ዘር በተፈለገ ቁጥር ይደገማል፤ የዘሩ ዋጋ መወደድ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በቋንቋችን «ዲቃላ» የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ስድብ መሆኑ ያሳዝናል፤ ምናልባትም ከዚሁ የተነሣ ይሆናል አንዳንዶች ድቅል ዘርን እንደ ርኩስ ወይም እንደ መካን የሚቆጥሩት። መካን አይደለም፤ ዘሩ ይበቅላል። በቤተ ሙከራ ባሕርዩ ከተለወጠ ዘር ጋርም አንድ አይደለም። ደግሞም ይህ ድቅል ከአፈር የሚመጣውን የማጠውለግ በሽታና ሥርን የሚያሳብጡትን ጥቃቅን ትሎች እንዲቋቋም ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ባለ አንዲት መደብ ቤተሰብ የዓመት ድካሙ እንዳይጠፋበት ቢመርጠው የሚነቀፍበት ነገር አናይም። ዘሩ አልዋሸም፤ የገባው የአንድ ዓመት ቃል ነበር፣ እርሱንም ጠበቀ። ያልገባውን ቃል በእርሱ ስም የገባን እኛ ነን።

የሥነ ምግባር መምህራን ሰው ሊያስወግደው የማይችለውን አለማወቅ እና ቢጠይቅ ሊያስወግደው የሚችለውን አለማወቅ ይለያሉ። የፊተኛው ከበደል ነጻ ያደርጋል፤ የኋለኛው እንደ ቸልታው መጠን ያስጠይቃል። እኛ ለራሳችን የፊተኛውን ለመውሰድ ቸኩለን ነበር፤ ካህን እንጂ ገበሬ አይደለንም እያልን። ይሁን እንጂ ባዶውን የዘር ፖስታ ከመሳቢያ አውጥተን ብናየው «ኤፍ 1» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጃችን ይዘነው ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ለራሳችን ጓሮ ቢሆን አለመጠየቁ ብዙ ባላስነቀፈን፤ በየዓመቱ ገዝተን እንዘራለንና። ለሌላ ሰው ባስተማርን ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያቺ እናት ያመኑት ቲማቲሙን ሳይሆን የተናገረውን ሰው ነበር፤ በመሆኑም ያልጠየቅነው ጥያቄ ዋጋ የተከፈለው በእሳቸው መደብ ነው። ካቴኪስቶች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ሕፃን ጠይቆን «እንዲህ ነው» ብለን የመለስንለትን ሁሉ መርምረነው ነበርን? እኛ በበኩላችን፣ ሁሉን እንዳልመረመርን እንመሰክራለን።

ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄድን። የሜንዴልን አተር በቡና መካከል ስናስረዳቸው፣ «ታዲያ የልጅ ልጅ አያቱን ቢመስል ምን ይደንቃል?» ብለው ሳቁብን።

በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ሁለት ፖስታ ይዘን ተመለስን። አንዱ ያው ድቅል ነበር፤ ሁለተኛው «ብራንዲዋይን» የሚባል የድሮ ዝርያ፣ ፍሬው ትልቅና ጣዕሙ የተመሰገነ፣ ነገር ግን የሚዘገይና ምርቱ አነስ ያለ፣ ከሌላ ዝርያ ጋር ካልተዳቀለ ዘሩ እናቱን መስሎ የሚበቅል ነው። የሁለቱንም ጠባይ፣ ይህን ጊዜ አስቀድመን ጠይቀን፣ ነገርናቸው። የድሮውን ዘር ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ከድቅሉ ደግሞ ስድስት ችግኝ እንድናፈላላቸው ጠየቁን፤ ዘር ግን አልጠየቁንም።