መብራቱ ለማን ይብራ?

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት «ለሙያ ምክር» ብሎ ጠራኝ። ከማስተማር ከተሰናበትኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ብርቅ ነውና ከረባቴን አስሬ ሄድኩ። ለካ የተፈለግሁት ለመብራት ኖሯል!

አዲሱ ሕንፃቸው ፎቆቹ ዙሪያውን ከብበውት መሐሉ ከምድር እስከ መስታወት ጣሪያው ድረስ ክፍት ነው፤ አርክቴክቶች «አትሪየም» የሚሉት ዓይነት። በዚህ ባዶ ቦታ በብርሃን የተሠራ የጥበብ ሥራ ሊሰቅሉ አስበዋል። ንድፉን ያወጣው ወጣት ሠዓሊ በመቶ የሚቆጠሩ የመስታወት ቁርጥራጮችን በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሎ፣ ወለሉ ውስጥ በሚቀበሩ አምፖሎች ከታች ወደ ላይ ሊያበራቸው ነው። እኔ ደግሞ ሥራው «ከባህላችን ጋር ያለውን ቁርኝት» መርምሬ አስተያየት እሰጣለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ንግግሬን ቤቴ ሆኜ ነበር ያዘጋጀሁት። እኛ ኤሌክትሪኩንም አምፖሉንም «መብራት» ነው የምንለው። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» እያልን እንደ ዘመድ የምንጠብቀው ነገር ነው። ታዲያ ሰፈሩ በጨለማ የሚያመሽበት ቀን ባለበት ከተማ፣ ለጌጥ መብራት ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ነውር አይደለም ወይ? አልኩ። በዚህ ገንዘብ ለስንት ተማሪ ደብተር ይገዛ ነበር? አልኩ። ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። በስብሰባ ላይ ራስ መነቅነቅ ምን ማለት እንደሆነ ስብሰባ የምታዘወትሩ ታውቁታላችሁ።

በሻይ ሰዓት ደጋፊ ፍለጋ ወደ በሩ ወጣሁና ጥበቃውን አዋየሁት። «ይኼ ሁሉ ወጪ ለመብራት! ምን ትላለህ ወንድሜ?»

ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እቆማለሁ» አለኝ። «አለቆቹ በቀን ሁለቴ ያልፋሉ፤ ያውም ስልክ እያወሩ። ታዲያ መብራቱን የማየው እኔ አይደለሁም? ቤቴ ስገባ የማየው ቆርቆሮ ነው። እዚህም ባዶ ግድግዳ ሳይ ልዋል?»

«ደመወዝ ቢጨመርልህ አይሻልህም?» አልኩት፣ ላለመሸነፍ ያህል።

ሳቀ። «ጋሼ ደግሞ! ሁለቱን ምን አጣላቸው?»

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጥበብ ለሰው ልጅ ቅንጦት ሳይሆን የነፍስ ፍላጎት ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ በአንድ ጠዋት ነፍስ ያለው ባለ ደመወዙ ብቻ ነው ብዬ ፈረድኩ ማለት ነው። «መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ ውበት» የምንለው እኮ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም የጠገብን ሰዎች ነን። ድሃው ስለ ውበት ሲጠየቅ አንሰማም፤ እኛ ስለ እሱ እንመልሳለን። ያ «ከዚያ» የሚባለው ተራም ሳይደርስ ዕድሜው ያልቃል።

እንጀራና ውበት የግድ እንደማይጣሉ በሥራው ያሳየ ሰው አለ። ኦላፉር ኤሊያሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ውስጥ፣ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በነበረው ቴት ሞደርን አዳራሽ፣ በአምፖልና በመስታወት ሰው ሠራሽ ፀሐይ አወጣ። ሰዉ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይመለከተው ነበር። (እኛ ዘንድ ቢሆን «ተነሳ!» የሚል አይጠፋም።) ይኸው ሰው በ2012 ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሆኖ ኤሌክትሪክ ላልደረሰው ሰው የሚሆን፣ በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ የእጅ መብራት ሠራ። የመብራቱ ቅርጽ የተወሰደው ከእኛው አደይ አበባ ነው። ታላቁንም ትንሹንም ፀሐይ ያሰበው አንድ ጭንቅላት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባውን አፍሪካ አዳራሽ እንይ። አፈወርቅ ተክሌ በመግቢያው የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በ150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ነግሮናል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ቀለሙን የምታበራው ፀሐይ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ በመሪ ትከሻም፣ ወለል በምትወለውል ሴት ትከሻም ላይ እኩል ታርፋለች። ሰው የሚመርጠው የግቢው በር ነው። ብዙዎቻችን ያን መስታወት ለዓመታት ያወቅነው በፎቶግራፍ ነበር። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ሲመረቅም መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «ማን ገብቶ ያየው ይሆን?» የሚል ነበር።

ይህን ስል ለባለ ገንዘቦቹ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። የሠራተኛውን ደመወዝ እያዘገየ አዳራሹን የሚያስጌጥ ድርጅት መጋረጃ ሰቀለ እንጂ ጌጥ አልሰቀለም። ግን መጋረጃውን ከጌጡ የምንለየው በምንድን ነው? ጥበቃው ሻዬን ጨርሼ ስመለስ የተናገረው ቃል መለኪያ ሆኖኛል። «ብቻ አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አለ። «ለሙከራ ያበሩት ዕለት ከወለሉ የሚመጣው ዓይኔን ወጋኝ። የሚገባውን ሰው ፊት ማየት አቃተኝ።»

ስብሰባው ሲቀጥል ሥዕሎቹን እንደገና አየኋቸው። አንዱ ከመግቢያው በር፣ አንዱ ከሥራ አስኪያጁ ፎቅ የሚታየውን ያሳያል። ከጥበቃው ወንበር የሚታየውን የሚያሳይ አንድም የለም። ወጣቱን ሠዓሊ ይዤው ወረድኩና እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አምፖሎቹን አስበራ። ዓይኑን በእጁ ከለለ፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሁን ንድፉን እየለወጠ ነው። መብራቱ ከላይ ሆኖ አምፖሉ ከዓይን ይሰወራል። እኩለ ቀን ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች ኤሌክትሪኩ ይጠፋና በጣሪያው መስታወት በኩል ሥራውን ለእሷ ይለቃል። ሌሊት ይደበዝዛል። መስታወቶቹም በገመድ ወደ ወለል የሚወርዱ ይሆናሉ፤ አቧራ ለመጥረግ ማንም አምስት ፎቅ በመሰላል እንዳይንጠለጠል። ኮሚቴው ገና አልወሰነም። «ከባህላችን ጋር ያለው ቁርኝት» የሚለውን ቦታ ግን እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሞልቼዋለሁ፦ በር ላይ የሚቆመው ሰው ይጠየቅ።

ስወጣ ጥበቃው ቆቡን አነሳልኝ። «ነገሩልኝ ጋሼ?»

«ነግሬያለሁ።»

«እንግዲህ እናያለን» አለ፣ ወደ ባዶው ጣሪያ ቀና ብሎ።