ከመኪናው ሥር ስለምትታይ ጠብታ

ከካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ፥ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፥ ካላክላ የሚባል ሰፊ ሠፈር አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ከአገራችን የሄዱ ብዙ ሰዎች በካርቱም እንጀራቸውን ያገኙ ነበር። በዚያ ሠፈር በሰላሙ ዘመን የኖሩ ሁለት ባለመኪናዎችን በአሳባችን እንመልከት፤ ነገሩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ እንጂ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም።

ሁለቱም በካርቱም አምጃድ በምትባለው ትንሽ መኪና ሰው ያመላልሳሉ። ሁለቱም ማለዳ ተነሥተው ከጎማው አጠገብ በአሸዋው ላይ እርጥብ ነጥብ ያያሉ። የፍሬን ዘይት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም “ዐርብ አሠራዋለሁ” ብለው ይወጣሉ። በዚያው ቀን ፍሬን ቢረግጡ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። የአንደኛው መንገድ ባዶ ስለ ነበረ መኪናይቱ እየተንከባለለች ትቆማለች። በሁለተኛው ፊት ግን ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ይሻገር ነበር።

ሰዎች ሁለተኛውን ይከስሱታል፤ ያስሩታልም። አንደኛው ግን ማታ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ “ዛሬስ ለጥቂት ተረፍሁ” እያለ ይስቃል። ከሁለቱ የበለጠ የበደለ ማን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ በደላቸው በፀጉር ያህል እንኳ አይለያይም። የለያቸው የሕፃኑ በዚያች ደቂቃ መሻገር ብቻ ነው፤ ይህም የማናቸውም ሥራ አይደለም። “ታዲያ የሕፃኑ ደም ከንቱ ነውን?” የሚል ቢኖር፥ አይደለም። ሁለተኛው ሰው ለሟቹ ወላጆች አንደኛው የሌለበት ዕዳ አለበት። በደሉ ግን የተሠራው በአደጋው ሰዓት ሳይሆን፥ ጠብታዋን አይቶ ቁልፉን ባዞረ ጊዜ ነው።

የሙሴ ሕግ ሁለቱንም ነገር ይመለከታል። በዘጸአት 21 ስለ ተዋጊ በሬ ሲናገር፥ አስቀድሞ ተነግሮት በሬውን ያልጠበቀውን ባለቤት ሰው ከሞተ በኋላ ይጠይቀዋል። በዘዳግም 22 ግን አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ገና ማንም ሳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዘዋል። በደጋ ጎጆአችን ክዳን ላይ የሚመላለስ ሰው ስለሌለ ይህ ትእዛዝ እንግዳ ይመስለን ይሆናል፤ የመኪና መከታው ግን ፍሬኑ ነው። ፈሳሽ ቢጫኑት ስለማይታመቅ የእግርን ኃይል እስከ ጎማው ያደርሳል። ዘይቱ ፈስሶ በምትኩ አየር ሲገባ ግን አየሩ ስለሚታመቅ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል። እንደ ካርቱም ባለ ብርቱ ሙቀት ደግሞ የጎማ ማሸጊያዎች ቶሎ ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉም።

የቀሩት ጠብታዎችም እንዲሁ ናቸው። ከራዲያተር የሚንጠባጠበው ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፥ ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል። የሞተር ዘይት በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ፍሬኑን አሠርቶ የሚከንፈውም ቢሆን መከታውን ራሱ አፍርሶአል፤ ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

አንደኛው ሰው “የጣስሁት የትራፊክ ሕግ የለም፤ ቀኜን ይዤ ነዳሁ” ይል ይሆናል። ቀኝና ግራ ግን በሰዎች ስምምነት የሚለወጥ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም.፥ ሱዳንም በ1965 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ለባልንጀራ መጠንቀቅ ከዚያ በፊትም ነበረ።

“ዐርብ” ማለቱ ግን ከስንፍና ብቻ አይመጣም። አንድ ቀን ጋራዥ መዋል የልጆች እራት መቅረት የሚሆንበት ሾፌር አለ። መኪናው የሌላ ሰው ሲሆንና ባለቤቱ ጠብታው ተነግሮት “ዛሬን ሥራበት፥ ገቢዬን አምጣ” ሲል፥ ስለ በሬው የተነገረው ባለቤት እርሱ ነው። ሾፌሩም አውቆ ነድቶአልና በደሉ ለሁለት ስለ ተካፈለ አይቀልለትም።

አብዛኞቻችን በአንደኛው ሰው ቦታ ነን። በማግሥቱ ማለዳ ወደ መኪናው ሲሄድ ነጥቡን በአሸዋው ላይ ሰፍቶ ያገኘዋል፤ ቁልፉም በእጁ ነው።