ጁሙዓን ምክንያት ማድረግ



በቅርቡ ለአለቃዬ አንድ ማመልከቻ ጽፌ ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን የምሠራውን በአምስት ቀን እንድጨርስ ይፈቀድልኝ የሚል ነው። ከማስገባቴ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ በምክንያትነት ያሰፈርኩት የጁሙዓን ሶላት ስለነበረ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጁሙዓን እንዳልሰግድ የከለከለኝ ሰው የለም። በየሳምንቱ መስጊድ ደርሼ፣ ኹጥባውን አዳምጬ እመለሳለሁ። ያደከመኝ ሌላ ነው። ልጆቼ ሳይነቁ ወጥቼ ከተኙ በኋላ እገባለሁ። ታዲያ ድካሜን በዲኔ ለምን ሸፈንኩት? የደከመ ሠራተኛን እምቢ ማለት ቀላል እንደሆነ፣ ሃይማኖቴ ነው የሚልን ሰው ግን እምቢ ማለት እንደሚያሳፍር ስለማውቅ ነዋ!

ሶላቱ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ውሸት አልነበረም። ኒያው ግን ውሸት ነበር። ደግሞም ጁሙዓ በእስልምና የሥራ መፍቻ ቀን አይደለም። ሱረቱል ጁሙዓ ጥሪው ሲሰማ ግብይትን እንድንተው ያዛል፤ ሶላቱ ሲፈጸም ግን በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ይነግረናል። ይህን ለማያውቅ አሠሪ "ዲኔ ቀኑን ሙሉ ያሳርፈኛል" የሚል ሰው ነገ በእርግጥ ሶላት የሚከለከለውን ወንድሙን ተጠርጣሪ ያደርገዋል። ዕዳውን የሚከፍለው እሱ ነው።

ለመሆኑ ዕረፍት በራሱ ነውር ነው እንዴ? ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) በዒባዳ ብዛት ራሱንና ቤተሰቡን የዘነጋውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ነፍስህም ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ብሎ መክሮታል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ ብለዋል። በዒባዳ ለበዛ ሰው ይህ ከተባለ፣ በደመወዝ ለበዛውማ ምን ሊባል ነው?

ሕጉም ቢሆን በሩን ጨርሶ አልዘጋውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል (የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ 39 ነው፤ ቅናቱን ለራሴ ልተወው)። የሥራው ባሕርይ ከጠየቀ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ በሌሎቹ ላይ መደልደል ይቻላል፤ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እስካልተጨመረ ድረስ። 48ን ለአምስት ቀን ብናካፍለው 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይመጣል።

አንድ ወዳጄ ግን አፋጠጠኝ። "ሥራህ በአምስት ቀን የሚያልቅ ከሆነ የስድስተኛው ቀን ደመወዝ እስከዛሬ እንዴት ሐላል ሆነልህ?" አለኝ። ቅዳሜን ከሻይና ከወሬ ጋር የማሳልፈው እኔ መልስ አጣሁ። ሰዓቴ አማና ከሆነ ቅዳሜም አማና ነበረ። እንግዲያውስ የደመወዜ ስድስተኛው ይቀነስ ብዬ ለባለቤቴ ባማክራት፣ "ልጆቹ አንተንም የቤት ኪራዩንም ይፈልጋሉ" አለችኝ። ያ ገንዘብ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

በአራተኛው ማመልከቻ 48ቱን ሰዓት በአምስት ቀን እንደምሞላና ምክንያቴም ልጆቼ እንደሆኑ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ፣ "ጁሙዓስ?" አለኝ።

"ጁሙዓን እንደወትሮው እሰግዳለሁ" አልኩት።

"ለሦስት ወር እንሞክረው፤ ቅዳሜ የምትሸፍንልህን ባልደረባህን ግን ራስህ ጠይቃት" አለ።

ጠይቄያታለሁ። እሷም የልጆች እናት ናትና አስቤ እነግርሃለሁ ብላኛለች።