ዘመን የሚለወጠው ለማን ነው?

መስከረም 1 ቀን በጠባ ቍጥር «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ» እንባባላለን። ቃሉ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ዘመን ተለወጠ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት ልንመረምር ይገባናል።

የጳጉሜን የመጨረሻ ሌሊት ከሌላው ሌሊት የተለየ አይደለም፤ ፀሐይም በማግሥቱ የምትወጣው እንደ ልማዷ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን በራሱ አቈጣጠር ያከብራል፤ አውሮፓውያንም ዓመታቸውን በእኛ ታኅሣሥ ይለውጣሉ። እንግዲህ የዓመትን ደጃፍ ያቆመው የሰው ስምምነት ነው፤ ደጃፍም የሚቆመው ሰው እንዲያልፍበት ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፥ ወንዙ ሲጎድል፥ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፥ ተራርቆ የከረመ ዘመድ ይገናኛል፤ የተቀያየመም ይታረቃል። ችቦ ማብራታችን፥ ልጃገረዶችም አበባ ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ መሄዳቸው የዚሁ ማለፍ ምልክት ነው።

ታዲያ ደጃፉ የማይከፈትለት ሰው ቢኖርስ?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ ቂሊንጦ የሚባል ሥፍራ አለ። አደይ እዚያም ይፈካል። በዚያ ባለው ማረሚያ ቤት ግን የሚበዙት ፍርዳቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች ናቸው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.፥ ዐዲሱ ዓመት ሊገባ 8 ቀን ሲቀረው፥ እሳት ተነሥቶ፥ መንግሥት እንዳስታወቀው፥ 23 ሰዎች ሞቱ። ፍርዱን ሲጠብቅ ለሞተ ሰው መዝገቡ ሳይዘጋ ዕድሜው ተዘጋ።

በዘመን መለወጫ ሰሞን ለእስረኞች ይቅርታ ማድረግ በአገራችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ይቅርታ የሚደረገው ለተፈረደበት ነው፤ ገና ያልተፈረደበት የሚጠብቀው ፍርድን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ የመዳኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ቀጠሮው ከክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ወዲያ ሲተላለፍ፥ ዘመኑ ይሻገራል፤ ሰውየው ግን አልተሻገረም።

ይህን የምንለው ዳኞችን ለመውቀስ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጥን ሁላችን የሰው ዘመን በእጃችን አለ። «ነገ ተመለስ» ብለን የምንሰደው ባለጉዳይ፥ በመሳቢያ ያሳደርነው ማመልከቻ፥ መምህሩ ሳያርመው የከረመ የተማሪ ደብተር፥ ይህ ሁሉ ያልተሻገረ ዘመን ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «በደስታ ቀን ሒሳብ መቍጠር ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። እኛም ደስታው ይቅር አንልም። ዕዳው ያልተከፈለ ደስታ ግን ከበዓሉ ማግሥት አያልፍም።

ጳጉሜን 5 ቀን፥ በየአራት ዓመቱም 6 ቀን ናት። ትንሽ ብትሆንም፥ የዘገየውን መዝገብ ለማንሣት፥ የበደልነውንም ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ትበቃለች። ይህን ካደረግን በኋላ «እንኳን አሸጋገረዎ» ስንል ቃላችን እውነት ይሆናል።