ተባብሮ መደራደር ከፍቅር ጋር ይጣላልን?

«ሠራተኞች ተባብረው ስለ ደመወዛቸው ቢደራደሩ ከአሠሪያቸው ጋር ያላቸው ፍቅር አይጎዳምን?» የሚሉ አሉ። በዳንግላ ወይም በእንጅባራ በአንድ ጋራዥ ሦስት መካኒኮች ይሠራሉ እንበል። አንዱ ለብቻው ቀርቦ «ደመወዜ አልበቃኝም» ቢል፣ «ካልተስማማህ ሂድ» ሊባል ይችላል። እርሱም ልጆቹ እንዳይራቡ ሲል ዝም ይላል። ታዲያ ይህ ዝምታ ስምምነት ነውን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው አይደለም ሲሉ አስተምረዋል። ችግር አስገድዶት ከሚገባው በታች የተቀበለ ሠራተኛ ፍትሕ ተጓድሎበታል፤ ማኅበር ማቋቋምም ከሰው ተፈጥሮ የሚመነጭ መብት ነው።

የአገራችን ሕግም ይህን መብት ያውቃል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ እያንዳንዳቸው ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች፣ አባላቱ ከ10 እስካላነሱ ድረስ፣ በአንድነት ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ለአዊ ሕዝብ ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ የኅብረት ስምምነት ሁለቱንም ወገን ያስራል። አሠሪው የተስማማበትን በጊዜው ይክፈል፤ ገቢው ካነሰም ሒሳቡን ገልጦ ያስረዳ። መካኒኩም የሰው ሕይወት የተሸከመውን ፍሬን አለባብሶ አይልቀቅ። ከፍርሃት የሚወለደው ዝምታ እንጂ ፍቅር አይደለም፤ ፍቅር የሚጸናው ደካማውም ያለ ስጋት መናገር ሲችል ነው።